የተሸረፈው መስፍ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ብዙ ዘመን ቢያልፍም ንዴቴ አልበረደም፤ አንባቢ ይህን አስቀድሞ ይወቅልኝ። ጽሑፌ ቢጣመምም አይፍረዱብኝ። አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው፣ ፊደል የቆጠርኩት በአማርኛ ነው፣ ያውም ጢሜ ሽበት ከጀመረ በኋላ። እጄ ብዕር ከመያዝ መዶሻ መያዝ ይቀለዋል።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምቴ ውስጥ ነው። ስሜ ቶሌራ ነው። ያን ጊዜ ጨለለቂ በሚባለው ሰፈር ጫፍ ላይ የሣር ክዳን ያላት የብረት ሥራ ቤት ነበረችኝ። አባቴ ቱምቱ ነበር፣ አያቴም ቱምቱ፤ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። የአገሩ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ከእኛ እጅ ነው የሚወጣው። ሰው ግን በእኛ ማረሻ ያረሰውን እህል ከእኛ ጋር አይበላም። ውሃ ቢጠማን በተሰበረ ቅል ይሰጠናል፣ ከጠጣን በኋላ ቅሉ ይጣላል። ከእኛ ዕቃ ጠጥቶ የሚሄድ ሰውማ አይታሰብም። የትልቅ ሰው ግቢ ስንጠራ የምንገባው በጓሮ በር ነው። ይህን የማወራው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ሳታውቁት የሚመጣው ነገር ስለማይገባችሁ ነው።

በወንጌሉ ቤት ብቻ ከሰው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ እቀመጥ ነበር። እሑድ እሑድ የሚሰብከው መምህር ኢተፋ ነው፤ በአዘቦት ቀን የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፣ የፈረንጅ አፍም አጥርቶ ያውቃል። በእግዚአብሔር ፊት ቱምቱም ባላባትም የለም ብሎ ሲሰብክ ዓይኑ እኔ ላይ ያርፍ ነበር። ከቤቱ ስንወጣ እጄን ይዞ «ኦቦሌሳ ቶሌራ» ይለኛል፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። እኔም እውነት ይመስለኝ ነበር።

ሌላው ሰው የቡና ነጋዴው ኦቦ ጉደታ ነው፤ ኦቦ በእኛ አፍ አቶ ማለት ነው። ፊት ለፊቱ አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልልም። ከጊምቢ ነቀምቴ ቡና የሚያመላልስበት የጣሊያን ሥሪት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረው። ሹፌሩ ሸምሱ ይባላል፣ የጉራጌ አገር ሰው፣ ተጫዋች ነው።

አሁን ስለ መኪናው ትንሽ ልናገር። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስትሄድ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ወንዝ ይወርዳል። ጉድጓድና ጠጠር ነው፣ በአንድ በኩል ገደል። የመኪናው ሸክም የሚያርፈው ባሌስትራ በሚባለው ላይ ነው፤ ከጎማው አጠገብ ተደራርበው የታሰሩ ቅስት ብረቶች ናቸው። የላይኛው ብረት ጫፉ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ከሻንሲው፣ ከመኪናው የብረት አጥንት ጋር፣ በቡሎን ይያዛል። በፊት በኩል ያ ቀለበት ከተሰበረ የጎማው ዘንግ ይንሸራተታል፣ መሪው አልታዘዝም ይላል፣ መኪናው አፍንጫውን ወደ ገደል ያዞራል። በዴዴሳ ቁልቁለት ያለቀው ሰው አብዛኛው በዚህ ነው ያለቀው።

አንድ ክረምት ሸምሱ ቀለበቱ ተሰብሮበት ከገደሉ አፋፍ ተርፎ መጣ። ኦቦ ጉደታ ብረቱን እንድቀጥል አስጠራኝ፣ በጓሮ በር። እኔ ግን መቀጠል አልፈለግሁም፤ የተቀጠለ ይሰበራል። ሦስት ቀን ዝም ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት ስለ ወገል ነው። ወገል የእርሻውን እንጨት አቅፎ የሚይዝ የብረት ቀለበት ነው። አንቆ ከያዘው እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ላላ ብሎ ካቀፈው ዓመት ያርሳል። እንግዲህ የላይኛውን በአዲስ ተካሁ፣ ሁለተኛውን ብረት ረዘም አድርጌ ሠራሁና ጫፉን አግዬ በላይኛው ቀለበት ዙሪያ እንደ ወገል ላላ አድርጌ ጠቀለልኩት። የላይኛው ቢሰበር ሁለተኛው ያቅፈዋል።

አንድ ነገር ብቻ አስቀየመኝ። የአባቴ መስፍ፣ ብረት የምንቀጠቅጥበት ማለቴ ነው፣ አንድ ጠርዙ የተሸረፈ ነው። በዚያ ጠርዝ ያለፈ ብረት ሁሉ ጎኑ ላይ የጥፍር ስፋት ያላት፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ስርጉድ ይዞ ይወጣል። ማረሻ ላይ ስትወጣ በሞረድ አጠፋታለሁ። የባሌስትራው ብረት ግን ጠንካራ ነው፣ ሞረዴም አልቆ ነበር፣ ተውኳት። ለማን ትታያለች ብዬ።

ከዚያ በኋላ ሸምሱ ዴዴሳን ስንቴ ወረደ መሰላችሁ። አንድ ቀን የላይኛው ቀለበት እንደገና ተሰበረ፤ ሁለተኛው ይዞት ጊምቢ ደርሶ ተመለሰ። የተሰበረችውን ቁራጭ በእጁ ይዞ ሥራ ቤቴ መጣና «ቶሌራ፣ ሚስቴ እንኳ እንዲህ አቅፋኝ አታውቅም» አለኝ። ሳቅን። ኦቦ ጉደታ ግን በገበያው ሌላ ነገር ያወራ ነበር። መኪናዬ ከፋብሪካው ለእኔ ተብላ ተጠናክራ የተሠራች ናት ይል ነበር። ሰምቼ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ያኔ ስህተት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ፈረንጆች በአዲስ መኪና ነቀምቴ ገቡ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ባለመነጽር። የሌላ አገር መኪና ፋብሪካ መሐንዲሶች ናቸው። የእነሱ መኪና በወለጋ መንገድ ባሌስትራ እየሰበረ አስቸግሯቸዋል። ታዲያ አንድ የጣሊያን አሮጌ መኪና ዴዴሳን ሲመላለስ ምንም እንደማይሆን ሰሙና የባላንጣቸውን መኪና ፈትተው ሊማሩበት መጡ።

ይህን እኔ ነውር አልለውም። ቱምቱም ገበያ ላይ የሌላውን ቱምቱ ማረሻ አንስቶ ገልብጦ ያያል። ሰው ከሰው ነው የሚማረው። ነውሩ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

የዚያን ቀን እኔ አልተጠራሁም። ያየውን ሸምሱ ነው ያወራልኝ። መኪናውን በክሪክ አንስተው ረጅሙ ሥር ገባ፣ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ ጓደኛውን ጮሆ ጠራው። ሁለቱም እዚያው ተጋድመው ያንን ሁለተኛ ብረት በባትሪ እያዩ ያወሩ ነበር አለኝ። ሲወጡ ረጅሙ በመምህር ኢተፋ አስተርጓሚነት ኦቦ ጉደታን ጠየቀው። ይህ ብረት በእጅ የተመታ ይመስላል፣ ይህን መኪና የሚጠግነው ማነው አለ። ነቀምቴ ላይ ጋራዥ ልንከፍት ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ኃላፊ እናደርገዋለን አለ።

«ምን አለው?» አልኩ ሸምሱን።

«ማንም አልነካውም፣ ከፋብሪካው እንዲሁ ነው የመጣው አለ።»

«አንተስ?»

ሸምሱ መሬት መሬት አየ። «ቶሌራ፣ እኔ ሹፌር ነኝ። አምስት ልጅ አለኝ።»

አልፈረድኩበትም። ግን ያን ዕለት እህል አልበላሁም። ጋራዥ ተብሎ፣ በፊት በር ገብተህ፣ ስምህ ተጠርቶ፣ ብረት ስትሠራ! ለእኔ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በተሰበረ ቅል ላልጠጣ ሰው አይገባውም።

ረቡዕ ጠዋት ጠሩኝ። ቡሎኖቹ ዝገው አልፈታ ብለዋቸው ነው፤ ዳዶ ከዝገት የሚያላቅቅ ሰው በከተማው ከእኔ ሌላ የለም። በጓሮ በር ገባሁ። ግቢው ሰው ሞልቷል። ዝቅ ብዬ ሠራሁ፣ ባሌስትራው ወረደ፣ ፈረንጆቹ ያንን የእኔን ብረት ነጠላ በመሰለ ነጭ ጨርቅ ላይ እንደ ሙሽራ አስቀመጡት። ባለመነጽሩ በሜትሮ ይለካል፣ ረጅሙ ወረቀት ላይ ይሥላል። ቀለበቱንም ሣሉ፣ ላላ ያለበትንም ለኩ፣ ያቺን ስርጉድ እንኳ በትንሽ መለኪያ ጥልቀቷን ለኳት። ስንት ሌት ያላስተኛችኝን ስርጉድ!

አልቻልኩም። ወደ መምህር ኢተፋ ጠጋ ብዬ በኦሮምኛ «መምህር፣ ይህን ብረት የሠራሁት እኔ ነኝ። ተርጉምልኝ» አልኩት።

መምህር ኢተፋ ወደ ኦቦ ጉደታ አየ። ኦቦ ጉደታ ጉሮሮውን ጠረገ። መምህሩ ወደ ፈረንጁ ዞሮ የሆነ ነገር ተናገረ። ረጅሙ እኔን አየ፣ ጭንቅላቱን በአዎንታ ነቀነቀ፣ ጎንበስ ብሎ ከዕቃው ሳጥን ውስጥ የግራሶ ጣሳ አውጥቶ አቀበለኝ።

እስቲ አስቡት። እኔ ነኝ የሠራሁት ብዬ ተናግሬ የተሰጠኝ ግራሶ ነው። መምህሩ ዝገቱ በዝቷል ይላል ብሎ ነው የተረጎመልኝ፤ ይህን ኋላ ራሱ ነግሮኛል። የግራሶውን ጣሳ ይዤ እንደ ሐውልት ቆምኩ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ሰምተውኛል፤ ኦሮምኛ የማይሰማ ሰው በዚያ ግቢ ከፈረንጆቹ በቀር አልነበረም። ያንን ብረት ስሠራ ሥራ ቤቴ በር ላይ ቆሞ ያየኝ ሰው እዚያ ነበር። አንድ ሰው አፉን አልከፈተም። የፈረንጅ ፋብሪካ ሠራው ቢባል ይቀላቸዋል፤ የጨለለቂ ቱምቱ ሠራው ከሚባል።

ሐሙስ ፈረንጆቹ ሊሄዱ ሆነ። ኦቦ ጉደታ ደግሞ እጁን ዘረጋና ብረቱን ለእናንተ በስጦታ ሰጥቻለሁ አለ። የእኔን ብረት! ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ፣ በቦታው የድሮውን ተራ ብረት መልሰህ ግጠምበት። ሸምሱ ከሰዓት ጊምቢ ይሄዳል» አለኝ።

«አልገጥምም» አልኩ።

«ምን?»

«ተራ ብረት ገጥሜ ሰው ገደል አልሰድም፣ ኦቦ ጉደታ። ሌላ እሠራለሁ። እዚሁ፣ በእርስዎ ግቢ፣ ሰው እያየ።»

የቱምቱ እሳት በግቢዬ አይነድም አለ። ያን ጊዜ ነው ሸምሱ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ኮፈኑ ላይ ያስቀመጠው። ቀስ አድርጎ፣ ሳይቆጣ።

«ጌታዬ፣ ቶሌራ ያልሠራው ብረት ላይ ሆኜ ዴዴሳን አልወርድም። ቁልፉ ይኸው» አለ።

አምስት ልጅ ያለው ሹፌር ይህን አለ። ክረምቱ ሊገባ ነው፣ የኦቦ ጉደታ ቡና ጊምቢ ላይ ተከምሮ ይጠብቃል፣ ሌላ ሹፌር የለም። ኦቦ ጉደታ እሺ፣ ግን በጓሮ በኩል ግባ አለኝ። ወናፌ በጓሮ በር አይገባም አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ይገባ ነበር። የዚያን ቀን ግን አይገባም አልኩ፣ አይገባም!

ወናፌን፣ ከሰሌን፣ ጉጠቴን፣ የአባቴን መስፍ በሸምሱ አጋዥነት ተሸክሜ በፊት በር ገባሁ። ረፋዱ ላይ እሳት ለኮስኩ። ፈረንጆቹ ዕቃቸውን ጭነው ጨርሰው ነበር፤ ረጅሙ እሳቱን ሲያይ ከመኪናው ወረደና መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሸምሱ ወናፉን ይነፋል፣ እኔ እመታለሁ። ብረቱ ቀላ፣ ጫፉን አጠፍኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ላላውን በዓይኔ ለካሁ። ላቤ እየተንጠባጠበ ብረቱ ላይ ይጤሳል። አንድም ጊዜ አሮጌውን ብረት አላየሁም፤ ማየት አያስፈልገኝም፣ ከእጄ የወጣ ነው።

ስጨርስ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ባለመነጽሩ አሮጌውን ብረት ከመኪናቸው አውርዶ አምጥቶ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንድ ናቸው። ጣቱን በአሮጌው ስርጉድ ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ በአዲሱ ላይ አሳረፈ። እዚያው ቦታ፣ እዚያው ጥልቀት። በቃ፣ ብረቱ ራሱ ተናገረልኝ አልኩ፤ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም አልኩ።

ኦቦ ጉደታ ፈጠን ብሎ «ከፋብሪካው ብረት አይቶ ነው የቀዳው በላቸው» አለ።

ይህን መምህር ኢተፋ ቃል በቃል ተረጎመው። ይህን ለመተርጎም አልቸገረውም።

ፈረንጆቹ ተያይተው ሳቁ። ረጅሙ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና አንድ ነገር ተናገረ። መምህሩ ዓይኔን ሳያይ «እጁ ጎበዝ ነው፣ ስርጉዷን እንኳ ሳይስት ቀድቷታል ይላል» አለኝ።

የሰው መኪና ፈትተው ሊቀዱ የመጡ ሰዎች እኔን ቀጂ አሉኝ! «መስፉን አሳየው» አልኩ። «መምህር፣ መስፉን ይይ፣ ጠርዙን ይይ፣ ስርጉዷ ከየት እንደመጣች ይወቅ።»

መምህሩ ክንዴን ያዘኝ። «ቶሌራ፣ ተው። በእንግዳ ፊት አታዋርደን» አለ። ኦቦሌሳ አላለኝም፤ ቶሌራ ብቻ።

ፈረንጆቹ ብረቴን ጭነው፣ ሥዕላቸውን ጠቅልለው በአዲስ አበባ መንገድ ሄዱ። ሸምሱ በአዲሱ ብረት ጊምቢ ወረደ፣ በደህና ተመለሰ። ጋራዡ አልተከፈተም፤ ሊከፍቱበት ያሰቡት ሰው የለም ተብለዋልና።

ሁለት ክረምት አለፈ። ኦቦ ጉደታ አሮጌውን መኪና ሸጦ የእነዚያን ፈረንጆች ፋብሪካ አዲስ መኪና ገዛ። መኪናው በገባ ማግስት ሸምሱ እየሮጠ ሥራ ቤቴ መጣ። አልሳቀም። «ተነሥ፣ መጥተህ እይ» አለኝ ብቻ።

ኦቦ ጉደታ ቁርስ ላይ ሳለ ከመኪናው ሥር ገባሁ። ባሌስትራው አዲስ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ የፋብሪካ ነው። ሁለተኛው ብረት የላይኛውን ቀለበት ላላ ብሎ አቅፎታል። ጎኑን በጣቴ ዳሰስኩ። አለች! የጥፍር ስፋት ያላት፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ስርጉድ፣ እዚያው ቦታዋ ላይ፣ በፋብሪካ ማሽን ተመትታ፣ ልሙጥ ሆና። በግራም አለች፣ በቀኝም አለች። የባላንጣ ፋብሪካ ምሥጢር መስሏቸው የአባቴን መስፍ ሽራፊ በየመኪናው ላይ እየመቱ ዓለሙን አዳርሰዋል።

ሄጄ መስፌን በትከሻዬ ተሸክሜ ተመለስኩ። በፊት በር ገባሁ። ግቢው ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ መምህር ኢተፋ በአዲሱ መኪና ላይ ሊጸልይ መጥቷል። ሸምሱ «ኦቦ ጉደታ፣ ሥሩ የሚታይ ነገር አለ፣ ጎንበስ ይበሉ» አለው። የአዲስ መኪና ነገር ነውና ደንግጦ ጋቢውን ሰብስቦ ገባ። እኔም በሌላ በኩል መስፉን እየገፋሁ ገባሁ። ተጋድመን ተፋጠጥን። ጣቱን ይዤ ስርጉዷ ላይ አሳረፍኩት፣ ከዚያ የመስፉ ሽራፊ ላይ አሳረፍኩት። እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ገጠሙ።

ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያንተ ነው። ድሮም አውቃለሁ» አለኝ።

«ወጥተው ይናገሩት» አልኩ።

ወጣ። ጋቢውን አራገፈ። ሰው ሁሉ ያየዋል። መምህር ኢተፋ ምን አገኙ ብሎ ጠየቀው።

«መኪናው ጥሩ ነው» አለ ኦቦ ጉደታ። «ጸልይበት።»

እኔም ከሥር ወጣሁና አቧራዬን ሳላራግፍ መምህሩ ፊት ቆምኩ። «መምህር፣ አንድ ነገር ተርጉምልኝ። እኚህ ሰው ከመኪናው ሥር አንድ ነገር ነገሩኝ፣ ከመኪናው ውጭ ሌላ ነገር ተናገሩ። ለዚህ ሕዝብ ተርጉምለት» አልኩት። መምህሩ መስፉን አየ፣ እኔን አየ። አልጸለየም። አልተረጎመምም። ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። እኔም መስፌን ተሸክሜ በፊት በር ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ የማንንም የጓሮ በር ረግጬ አላውቅም። በፊት በር የማያስገባኝ ሰው ማረሻውን ራሱ ይቀጥቅጥ።

በሚቀጥለው ሰኞ ገና በጠዋቱ መምህር ኢተፋ ሥራ ቤቴ ድረስ መጣ። እጁ ላይ ጠመኔ ይዟል። ዱካ ላይ ተቀመጠ፣ ከእኔ ጣሳ ውሃ ቀድቶ ጠጣ፣ ጣሳውን መልሶ ቦታው ላይ አስቀመጠ። የግራሶውን ነገር ያን ዕለት ነው የነገረኝ። ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ከአፉ አልወጣም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ጠፍጣፋ ብረት ላይ ሦስት ፊደል ጻፈልኝ፤ ቶ፣ ሌ፣ ራ። እኔ በዚያ ልክ የብረት ማኅተም አወጣሁ። ፊደል የተማርኩት እንዲህ ነው፤ መጽሐፍ ላነብ ብዬ ሳይሆን ስሜን በጋለ ብረት ላይ ልመታ ብዬ። ከዚያ በኋላ ከእጄ የወጣ ማረሻም ባሌስትራም ያለ ሦስቱ ፊደል አልወጣም። መምህሩ መልካም ሰው ሆኖ ነው የሞተው። እኔ ግን አሁንም እላለሁ፤ ያን ረቡዕ አንዲት ዐረፍተ ነገር ቢተረጉምልኝ ይህ ሁሉ ጠመኔ አያስፈልግም ነበር።

አንባቢዎቼ፣ በፈረንጆቹ አልተናደድኩም። እነሱ ጠይቀዋል። ማነው የሠራው ብለው ጠይቀዋል፣ መልሱ አጠገባቸው ቆሞ ግራሶ ይዞ ነበር። የተናደድኩት ከእኔ ጋር አንድ ውሃ በሚጠጣው፣ አይ፣ አንድ ውሃ መጠጣት ባልፈለገው በገዛ አገሬ ሰው ነው። የእኛ እጅ የሠራውን ለባሕር ማዶ ሰጥተን፣ ከባሕር ማዶ ሲመለስ በጋቢ ተቀብለን የምንጸልይበት እስከ መቼ ነው? እናንተም ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው አለ። ሥራውን ታውቃላችሁ፣ ስሙን አትጠሩም። ሥር ለሥር ያንተ ነው አትበሉት። ወጥታችሁ፣ ቆማችሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ በሉት።